ባንኩ ሲሄድ ሕንጻው ምን ይሁን?

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ መካከል ስለሚገኝ አንድ የባንክ ሕንጻ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቦታው ሩቅ ቢሆንም ጥያቄው ከተማ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ይነካል፤ ይኸውም፦ የተሠራለት ሥራ የቀረበት ሕንጻ ይፍረስ ወይስ ሌላ ሥራ ይፈለግለት?

ክሊቭላንድ ትረስት የተባለው ባንክ በ1908 የባለቀለም መስተዋት ጉልላት ያለው ታላቅ አዳራሽ በከተማው ዋና ማዕዘን ላይ ከፈተ። ሀብቱ እየበዛ ሲሄድም በ1971 ከአዳራሹ አጠገብ 29 ፎቅ ያለው የሲሚንቶ ግንብ ተጨመረለት። ንድፉ የታወቀው አርክቴክት የማርሴል ብሮየር ነው። መንታ እንዲሆነው የታሰበው ሁለተኛው ግንብ ግን ሳይሠራ ቀረ።

ግንቡን እርጅና አልገደለውም። ባንኩ አሜሪትረስት ተብሎ ከተሰየመ በኋላ በ1992 ከሌላ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ሁለት ባንክ አንድ ሲሆን ሁለት ዋና መሥሪያ ቤት አያስፈልገውምና፣ በ1996 አዳራሹም ግንቡም ባዶ ሆኑ። ግንቡ ያን ጊዜ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

በ2005 የአውራጃው አስተዳደር ሕንጻዎቹን በ22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በ2007ም ግንቡ ፈርሶ በቦታው አዲስ መሥሪያ ቤት እንዲሠራ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ግራጫ ነው፣ አስቀያሚ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ፣ ጤነኛ አጥንት ያለውን ሕንጻ ማፍረስ የሕዝብን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ማጥፋት ነው ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ የማፍረሱ ሐሳብ ተተወ፤ በ2013ም ሕንጻዎቹ ለአንድ የግል ኩባንያ ተሸጡ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልብ በሉ። በ2014 ግንቡ ሆቴልና መኖሪያ ቤት ሆኖ ተከፈተ። የምድር ቤቱ ካዝና መጠጥ ቤት ሆነ። በ2015 ደግሞ ገንዘብ ይቆጠርበት የነበረው የጉልላቱ አዳራሽ የምግብ መደብር ሆነ። አስተዳደሩም የፈለገውን አዲስ መሥሪያ ቤት እዚያው አጠገብ አገኘ። ግንቡ ቢፈርስ ኖሮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ይፈጸም ነበር።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ሆቴሉና መኖሪያዎቹ ኪሱ ለሞላ ሰው ናቸው። የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ሕንጻ ሲታደስ ደመወዙ አነስተኛ የሆነውም ሰው የሚኖርበት ክፍል ቢኖረው ደስ ባለኝ። ቢሆንም በዚያ ጉልላት ሥር ዛሬ የባንክ ደብተር የሌለው ሰው ገብቶ ዳቦ ይገዛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን፣ በማዘጋጃ ቤት ወንበር የሚቀመጥም አለ። የማፍረሻ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብለት፣ ሕንጻው ያምራል ወይስ ያስቀይማል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ መሠረቱ ጤነኛ ነው ወይ፣ ሌላ ምን ሥራ ሊሠራ ይችላል፣ የሚጠቀመውስ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ማፍረስ የጥቂት ወራት ሥራ ነው፤ የፈረሰውን መመለስ ግን የማንም ሥልጣን አይደለም።