በገዛ ሜዳው ሳይጫወት ዋንጫ ያገኘ ቡድን
(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ እግር ኳስ ነው። ስለ ኳስ መናገር ለሥራ ፈት የሚተው ነገር የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የብዙ ከተሞች አስተዳደር ከሕዝብ ገንዘብ እየቀነሰ የሚያኖረው፣ ሰውን ሲያስታርቅም ሲያጣላም የታየ ነገር፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ስለ ኳስ በጠቅላላው ብናገር ግን ነገሩ ስለሚበተንብኝ አንዲት የውድድር ዓመት ብቻ፣ ይኸውም የ2013 ዓ.ም.ን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ፣ ለይቼ ይዣለሁ። ያች ዓመት ከቀደሙት ሁሉ የምትለየው ባለ ድሉ ቡድን በገዛ ከተማው አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት ዋንጫውን በማግኘቱ ነው።

በጎጃም ገጠር ያደገ ሰው የገና ጨዋታን ያውቃል። በዚያ ጨዋታ ዳር ድንበር የተሰመረለት ሜዳ የለም፤ የተጫዋቹም ቍጥር አይወሰንም። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ የተከፈለው የአንድ አጥቢያ ሰው በገዛ መስኩ ላይ ሩሩን በገና ዱላ እያሳደደ ሲጋጠም ይውላል፤ በዚያን ዕለት ጌታውም በሎሌው አይቈጣም። ተጫዋቹና ተመልካቹ አይለያዩም። የተሸነፈው ወገን ስድቡን ጠግቦ፣ ያሸነፈውም እየፎከረ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ወደ ቤቱ ይገባል። የከተማውም እግር ኳስ ምንም እንኳ ሕጉ ከውጭ አገር የመጣ ቢሆን፣ በእኛ ዘንድ ሥር የያዘው በዚሁ ጠባይ ነው። ከነማ የሚለው የብዙ ቡድኖች መጠሪያ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው የተቈረጠ ቃል መሆኑን ልብ ብትሉ፣ ቡድኑ የነዋሪው ነው ማለት ስሙ ራሱ ይናገራል።

ወደ ዓመቷ ልመለስ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት ወር ተቋርጦ፣ በኋላም ያለ ባለ ድል ተሠርዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን ደግሞ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በዚህም የተነሣ የትግራይ ሦስቱ ክለቦች፣ ይኸውም መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ፣ ከውድድሩ ውጭ ሆኑ። ከሦስቱ አንዱ መቀሌ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነበር። የቀሩት አሥራ ሦስት ሆኑ። ቍጥሩ ጎደሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንዱ ቡድን ሳይጫወት ያርፍ ነበር። እያንዳንዱም ቡድን 24 ጨዋታ ሲጫወት በጠቅላላው 156 ጨዋታ ይሆናል ማለት ነው።

እነዚህ አሥራ ሦስት ቡድኖች በየከተማቸው እየተመላለሱ መጫወታቸው ቀረ። ውድድሩ ራሱ እንደ ነጋዴ ጓዝ ተጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዝ ጀመር። ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ድሬዳዋ ተጓዘ፤ በመጨረሻም ሐዋሳ ላይ አረፈ። በደረሰበት ከተማ ሁሉ ቡድኖቹ በሆቴል ሰፍረው ለጥቂት ሳምንታት ይጋጠማሉ፤ ከዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው ይነሣሉ። በወረቀቱ ላይ አንደኛው ቡድን ባለ ሜዳ፣ ሁለተኛው እንግዳ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በእውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እንግዶች ነበሩ። ለበሽታው ጥንቃቄ ሲባል የተመልካች መግባት ስለ ተወሰነ፣ የተጫዋቾቹ ጩኸትና የአሠልጣኞቹ ተግሣጽ ከባዶው ወንበር ጋራ ሲያስተጋባ ይሰማ ነበር።

እንዲህ ያለው ስደት በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በአውስትራሊያ አገር ከእኛው እግር ኳስ የተለየ አንድ ጨዋታ አለ። ኳሱ ሞላላ ነው፤ ሜዳውም ሞላላ ነው፤ በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፤ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። የጨዋታው መናገሻ ሜልቦርን የምትባል ከተማ ስትሆን፣ ከሊጉ አሥራ ስምንት ክለቦች አሥሩ ከእርሷና ከአካባቢዋ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሜልቦርንን በሽታው ስለ ጸናባት ክለቦቿ ከተማቸውን ለቀው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኩዊንስላንድ፣ ተሰደዱ። የፍጻሜውም ግጥሚያ ጥቅምት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በብሪስበን ተደርጎ ሪችመንድ ጊሎንግን 81 ለ 50 አሸነፈ። ሁለቱም ከሜልቦርን ወገን የመጡ ሲሆኑ፣ የሊጉ ውድድር ከተጀመረ ከ1897 በእነርሱ አቈጣጠር ወዲህ ፍጻሜው ከክፍለ ሀገራቸው ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። አንድ መቶ ሺህ ሰው በሚይዝ ሜዳ ይታይ የነበረውን ነገር ያን ዕለት ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው ተመለከተው።

አሁን ወደ ፋሲል ከነማ እንምጣ። የጎንደሩ ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ለመውሰድ ጫፍ ደርሶ፣ በመጨረሻው ቀን በሽረ ከተማ አንድ ለአንድ በመለያየቱ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተቀደመ። በማግሥቱ ዓመት እንደ ገና ሲሞክር ወረርሽኙ ውድድሩን አስቀረው። ሁለት ጊዜ እጁ ሲደርስ ያመለጠው ነገር በሦስተኛው ተሳካለት። አሠልጣኙ ሥዩም ከበደ፣ አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ በረኛው የማሊው ተወላጅ ሚካኤል ሳማኬ ነበሩ፤ ግብ በማስቈጠር ሙጂብ ቃሲም ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ቡድኑ ጥቂት ጨዋታዎች እየቀሩ ከተከታዩ ከኢትዮጵያ ቡና በሰፊ ነጥብ ርቆ ባለ ድልነቱን አረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቈም ብለን እንመልከት። ጊዮርጊስና ቡና አዲስ አበባ ላይ፣ አባ ጅፋር ጅማ ላይ፣ የጣና ሞገድ የሚባሉት የባሕር ዳር ልጆች በሐይቁ ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳም እንዲሁ በተራቸው ለጥቂት ሳምንታት በገዛ ሜዳቸው ተጫውተዋል። ፋሲል፣ አዳማ፣ ሀዲያ ሆሳዕና፣ ወላይታ ድቻ፣ ወልቂጤና ሰበታ ግን ከተማቸው ከአምስቱ ስላልተቈጠረች አንድም ቀን አልቀናቸውም። ዋንጫው የወጣው ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ነው። ሜዳው ያደላል የሚሉ ሰዎች እንግዲህ ምን ይላሉ? ጅማ አባ ጅፋር በከተማው ተጫውቶ ሳለ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች አንዱ ሆነ፤ አዳማና ወልቂጤም አብረውት ነበሩ። ሦስቱም በሐዋሳ በተደረገ የማሟያ ውድድር ነው በሊጉ የቀሩት።

ስለዚያች ዓመት ሲወራ የአቡበከር ናስር ስም ሳይነሣ አይቀርም። የኢትዮጵያ ቡናው ወጣት 29 ግብ አስቈጠረ። ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ከደደቢት ጋራ ያስቈጠረው 25 ትልቁ ቍጥር ሆኖ ቈይቶ ነበር። አንድ ሰው በጨዋታ ከአንድ ግብ በላይ እያስቈጠረ ዓመቱን ይፈጽማል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ። በዚያው ወራት መጋቢት 15 ቀን ብሔራዊ ቡድናችን በባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፎ፣ ከስድስት ቀን በኋላም ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፉ ታወቀ። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ነገር ነበር። በዚያ መጋቢት የባሕር ዳር ሆቴሎች ባለቤቶች ምን ያህል እንደ ተደሰቱ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ንግግሬን ወደ ምዕራብ ጎጃም ልውሰደው። ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ በዚያ ሊግ የተሰለፈ ቡድን አልነበረም። የዚያ አገር ኳስ ወዳድ ልቡን ከሩቅ ከተማ ለአንዱ ቡድን ሰጥቶ፣ ጨዋታውን በወሬ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ሳንቲሙን ከፍሎ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ የሚያየው የእንግሊዞችን ሊግ ነበር፤ የማንችስተርን ተጫዋች ስም በቃሉ እየጠራ፣ የገዛ አገሩን ተጫዋች ግን በመልክ አያውቀውም ነበር። በ2013 ዓ.ም. የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ከሱፐር ስፖርት ጋራ የአምስት ዓመት ውል ስለ ተዋዋለ የኢትዮጵያ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው መስኮት በአማርኛ ገለጻ ይታይ ጀመር። ለቡሬው ሰው ይህ ሹመት ነው። ለጎንደሬው ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ቀድሞ በፋሲለደስ ስታዲዮም ቀይና ነጩን ለብሶ ሲዘፍን የነበረው ደጋፊ፣ አሁን ቡድኑን የሚያየው እንደ ቡሬው ሰው በመስኮት ሆነ። ዋንጫውም ለቡድኑ የተሰጠው ሐዋሳ ላይ ሲሆን፣ ጎንደር የተመለከተችው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ያላገኘውን ሲያገኝ ሌላው የነበረውን አጣ፤ ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ተገናኙ።

የመንግሥት ሠራተኛውን የሚመለከተው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከጥቂቶቹ በቀር የሊጉ ክለቦች የሚኖሩት በትኬት ሽያጭ ሳይሆን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው። ከወጪያቸውም ትልቁን የሚወስደው የተጫዋች ደመወዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ መከበሩን ግን ብዙዎች ይጠራጠሩታል። የወሰን ጣሪያው እንኳ ከአንድ መምህር ደመወዝ ስንት እጅ እንደሚበልጥ እናንተው አስሉት። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ሲከፍል የኖረው፣ የከተማው ልጅ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብበት፣ ሻይ ሻጩና ባለ ጋሪው የሚያተርፍበት፣ ሰፈር ከሰፈር የሚተዋወቅበት ስፍራ ይገኛል በሚል ነበር። ቡድኑ ከከተማው ሲለይ ወጪው ይቀራል፤ ትርፉ ግን ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። በተጨማሪም የወራት የሆቴል ኪራይና የመጓጓዣ ዋጋ ይታከልበታል።

ይህን ስል በዚያ ዓመት የተደረገውን ዝግጅት መንቀፌ አይደለም። በአንድ ወገን በሽታ፣ በሌላ ወገን ጦርነት ሳለ ውድድሩን ከፍጻሜ ማድረስ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር፤ እኔ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ከዚያም በላይ ቀደም ባሉት ዓመታት በደጋፊዎች መካከል የተነሣውን ጠብና የድንጋይ ውርወራ ያየ ሰው፣ ባዶው ወንበር ያመጣውን ጸጥታ በጥቂቱም ቢሆን ሳይወደው አልቀረም። ጸጥታው ግን የታረቀ ሰው ጸጥታ ሳይሆን የሌለ ሰው ጸጥታ ነበር።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ለክፉ ቀን የተሠራው ድንኳን ክፉው ቀን ካለፈም በኋላ አልተነቀለም። በ2014 ዓ.ም.፣ በ2015 ዓ.ም.፣ በ2016 ዓ.ም.ና በ2017 ዓ.ም. ሊጉ በጥቂት ከተሞች፣ በተለይም በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ፣ እየተሰባሰበ ተደርጓል። የትግራይ ክለቦች በ2017 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ሲመለሱ የተመለሱት ወደዚሁ ጓዝ ነው። አውስትራሊያዎቹ ደግሞ የፍጻሜውን ግጥሚያ በ2014 ዓ.ም. መስከረም በፐርዝ ካደረጉ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወደ ሜልቦርን መልሰውታል። ምክንያቱ በእኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ የጸጥታ ነገር አለ፤ የቴሌቪዥን መብራትና ካሜራ በየሜዳው ማቆም ያስቸግራል፤ የሜዳዎቹም ሁኔታ ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

ስለ ሜዳ ካነሣሁ ዘንድ የባለ ድሉን መጨረሻ ልንገራችሁ። ፋሲል ከነማ ኢትዮጵያን ወክሎ በአፍሪካ ሻምፒዮናዎች ሊግ ከኦምዱርማኑ አል ሂላል ጋራ ተደለደለ። ባለ ሜዳ ሆኖ የተቀበለው በጎንደር ሳይሆን በባሕር ዳር ሲሆን ሁለት ለሁለት ተለያየ። በኦምዱርማንም አንድ ለአንድ ወጣ። በሁለቱ ግጥሚያ ሦስት ለሦስት ሆነው ሳለ፣ ከሜዳ ውጭ የተቈጠረ ግብ በሚበልጥበት ሕግ ሱዳናውያኑ አለፉ። ፋሲል አልተሸነፈም፤ ነገር ግን ወጣ። ብዙም ሳይቈይ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርንም ስታዲዮም ደረጃውን አላሟላም ብሎ ዘጋው፤ ብሔራዊ ቡድናችንም ጋናን በሜዳው ሊቀበል በሚገባው ቀን የተቀበለው በጆሃንስበርግ ነበር።