የምንጭነው መሣሪያ ከየት እንደ መጣ እንወቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ምንጫቸው ክፍት የሆነ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎችን በኮምፒዩተር ላይ ስለ መጫን ነው። አንዳንድ ጊዜ ከኢንተርኔት የተገኘ ረጅም ትእዛዝ ሳይነበብ ተቀድቶ በተርሚናል ላይ ሲለጠፍ ይታያል። ትእዛዙ «ሱዶ» በሚል ቃል የጀመረ እንደ ሆነ፣ የኮምፒዩተሩን ሙሉ ሥልጣን ለማናውቀው ሰው አስረከብን ማለት ነው።

ከዚህ የሚሻል መንገድ በየሥርዓቱ ተዘጋጅቷል፤ እርሱም የጥቅል አስተዳዳሪ ይባላል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የጀመረውን ጊትን ለምሳሌ እንውሰድ። በደቢያንና በኡቡንቱ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊት» ማለት ይበቃል። በፌዶራ በአፕት ፈንታ ዲኤንኤፍ ይገባል። በማክ ሆምብሩ አስቀድሞ ከተጫነ በኋላ «ብሩ ኢንስቶል ጊት» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ሱዶ አያስፈልግም። በዊንዶውስ 11 ደግሞ ዊንጌት ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል።

የጥቅል አስተዳዳሪው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ የወረደው ጥቅል በመንገድ ያልተለወጠ መሆኑን ይመረምራል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች አብሮ ያመጣል። ሦስተኛ፣ የጫነውን ስለሚመዘግብ ለማደስም ሆነ ለማጥፋት አንድ ትእዛዝ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ይህም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኤክስዜድ የተባለው የመጭመቂያ መሣሪያ በ2024 ምስክር ይሆነናል። ብዙ ጊዜ አብሮ በመሥራት አመኔታን ያተረፈ አንድ ሰው በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የምስጢር በር ሸሸገ። እትሞቹም ገና በሙከራ ላይ ወዳሉት የደቢያንና የፌዶራ ቅርንጫፎች ደረሱ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። «ለምን?» ብሎ መረመረ፤ መጋቢት 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለሁሉ ገለጠ። ስለዚህም አደጋው ወደ ደቢያን የተረጋጋ እትም ሳይደርስ ተገታ። ምንጩ ዝግ ቢሆን ኖሮ ይህ ምርመራ እጅግ በከበደ ነበር።

እንግዲህ የምንጭ ክፍት መሆን የሚጠቅመው አንባቢ ሲኖረው ነው። ሁሉም ፍሮይንድን ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ትእዛዝን ከመፈጸማችን በፊት ማንበብ፣ የጥቅል አስተዳዳሪውን ማስቀደም፣ እንግዳ ነገር ስናይ መጠየቅና ለባለቤቶቹ ማስታወቅ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። ነባሮቹ ተማሪዎችም ለአዲሶቹ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙን ጭምር እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋልና።