አዲስ የተተከለ ባትሪና ኢንቬርተር ሲታወክ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ዋግ ኽምራ ከደረሰ ወዲህ ሰቆጣና አካባቢዋ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት መቆየታቸው የሚታወስ ነው። ከዋናው መስመር ርቆ የሚገኘው የደሃና ገጠር ደግሞ ከዚያም በፊት ቢሆን በኩራዝ የሚያመሽ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ቤተሰብ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ባትሪና ኢንቬርተር የሚያስተክለው ከብት ሸጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው በተተከለ በሳምንቱ ሲታወክ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ መፍረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፍርዱ ከተሳሳተ ቤተሰቡ ደኅና ባትሪ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ሕመሙ ግን አይለቅም።

የተለመደው አቤቱታ የሚከተለው ነው። አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ከበድ ያለ ዕቃ ሲጨመር ኢንቬርተሩ ይጮኽና ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ባትሪው ሲለካ ግን ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም በማይጠረጥረው በሽቦው ላይ ነው።

ሒሳቡ እነሆ። ባለ 12 ቮልት ኢንቬርተር 500 ዋት ሲያወጣ ከባትሪው ወደ 50 አምፔር ይስባል። ባትሪው 3 ሜትር ርቆ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢያያዝ፣ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ስለሆነ፣ 0.87 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። ባትሪው በጭነት ላይ 11.8 ቮልት ቢሰጥ ለኢንቬርተሩ የሚደርሰው 10.9 ነው። በደንብ ያልጠበቀ ማሰሪያ 0.01 ኦም ቢጨምር ሌላ ግማሽ ቮልት ይጠፋና 10.4 ይሆናል፤ አብዛኞቹ ኢንቬርተሮች ደግሞ 10.5 አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያ የላላ ማሰሪያ በዚያው ጊዜ 25 ዋት ሙቀት በአንዲት ቡሎን ላይ ያፈልቃል። የሣር ክዳን ላለው ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለባለሙያ መንገር አያሻም።

እንግዲህ ቴስተሩ መቀመጥ ያለበት ጭነቱ ሳይነሣ፣ በመጀመሪያ በባትሪው ጫፎች፣ ቀጥሎ በኢንቬርተሩ መግቢያ ላይ ነው። የሁለቱ ልዩነት ከጥቂት ዐሥረኛ ቮልት ካለፈ ባትሪው ንጹሕ ነው። ኢንቬርተሩን ወደ 1 ሜትር ማቅረብ ብቻ የሽቦውን ብክነት ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ደግሞ በ3 ሜትሩም ርቀት 0.15 ቮልት ብቻ ያባክናል። ለመፍታት ሲታሰብ ግን ኢንቬርተሩ ይጥፋ፤ ቀድሞ የፀሐይ ሰሌዳው፣ ከዚያ ባትሪው ከመቆጣጠሪያው ይላቀቅ፤ ሲመለስ ባትሪው ይቅደም። ሰሌዳው ከቀደመ 12ና 24 ቮልትን በራሱ የሚለይ መቆጣጠሪያ ሊሳሳት ይችላል። በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ሳያስገቡ መሄድም የባለሙያ ሥራ አይደለም።

ሁለቱ ልኬቶች ከተስማሙ ብቻ ወደ ሌላው ይታለፋል። የሊቲየም ባትሪ ለእርሳስ ባትሪ በተወሰነ የቻርጅ ልክ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በግንቦት የተተከለው በሐምሌ ደከመ ከተባለ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ደመናው ነው። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ በ1 ኪሎ ዋት ኢንቬርተር ላይ ተሰክቶ እንደሆነም ማየት ነው፤ ይህን ቤተሰቡ ሁልጊዜ አይናገርም። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ መሣሪያው በደንብ አይቀዘቅዝም፤ በጠባብ ሣጥን መዝጋቱ ሙቀቱን ያባብሳል።

መመሪያው የሚመጣው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ በዋግ ግን አማርኛ ብቻ ሳይሆን ኽምጣናም የቤት ቋንቋ ነው። ተካዩ ከመሄዱ በፊት የጩኸቱን ትርጉም ቤተሰቡ በሚሰማው ቋንቋ ያስረዳ፤ በተከላው ዕለት በጭነት ላይ ያነበባቸውን ሁለት ቁጥሮችም በወረቀት ጽፎ ከኢንቬርተሩ አጠገብ ይለጥፍ። ከአምደ ወርቅ ወይም ከሰቆጣ የሚጠራው ቀጣዩ ባለሙያ የሚጀምረው ከእነዚያ ቁጥሮች ነው።