መንገድና ማረፊያ፤ የአቃቂ ምሳሌነት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ፣ ለጉዞውም ሁለት ቀን ብቻ የመደበ አንድ መንገደኛ አለ ቢባል፣ ይህ ሰው የሚመኘው ብዙ አይደለም። ሲመሽበት መኪናውን ከዛፍ ሥር አቁሞ፣ እጁን ታጥቦ፣ ትኩስ እንጀራ በልቶ፣ ከአገሬው ሰው ጋር ተጫውቶ በሰላም የሚያድርባት አንዲት ትንሽ መንደር ብቻ ይሻል። ካርታውን ሲዘረጋ ግን የሚያገኘው የመንገዱን መሥመርና የኪሎ ሜትሩን ልክ እንጂ የማረፊያዋን ስም አይደለም። "የት ልረፍ?" የሚለው ጥያቄ የሽርሽር ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው በቀጥታ የሚመለከተው የመንገድን ሙያተኛ ነው። ማረፊያ መንደርን የሚፈጥራትም ሆነ የሚያጠፋት፣ ከውበቷ ይልቅ የመንገዱ አሠራር ነውና። ለዚህም ከአቃቂ የቀረበ ምስክር አይገኝም።

አቃቂ ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ከተማው ሳይደርስበት በፊት ግን ከሸዋ ወደ ሐረር የሚወርደው መንገድ ከሚያቋርጣቸው የውሃ ዳርቻዎች አንዱ ነበር። በቅሎ ጭኖ ለሚሄድ ሰው የማደሪያውን ቦታ የሚወስኑለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ውሃ፣ ሣርና የከብቱ ጉልበት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በተገናኙበት ሰፈር ይሆናል፤ ሰፈር በሆነበትም እንጀራ የሚጋገርበትና ጠላ የሚጠመቅበት ጎጆ ይቀለሳል። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" ሲል፣ ከውስጥ "ቤት ለእንግዳ" የሚል ድምፅ የሚሰማው በዚህ ዓይነቱ ስፍራ ነበር።

ባቡር በመጣ ጊዜ ማረፊያን የሚወስነው ሕግ ተለወጠ፤ ማረፊያ ግን አልቀረም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያም ሥራው ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ በ1915 አቃቂ ደረሰ። እስከ ዋና ከተማው የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሆኖም ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት አቃቂ ፉርጎና በቅሎ የሚገናኙበት ድንበር ሆኖ ቆየ። ሐዲዱ ለገሃር ከደረሰም በኋላ የአቃቂ ጣቢያ ሥራ አልፈታም። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካልጠጣ አይሄድም። ከ1,000 ሜትር ዝቅ ከሚለው የአዋሽ ቆላ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ የሚወጣ ባቡር ደግሞ እጅግ ይጠማል። ስለሆነም በመሥመሩ ሁሉ የውሃ ማጠራቀሚያ ያላቸው ጣቢያዎች ተሠሩ፤ ባቡሩ ሲጠጣ ተሳፋሪውም ወርዶ ይጠጣና ይበላ ጀመር።

የዚህ አሠራር ታላቁ ምሳሌ አዋሽ ነው። በቀድሞው ዘመን የመንገደኛው ባቡር የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበረ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ሁለቱ ሌሊቶች የሚያልፉትም አንደኛው በድሬዳዋ፣ ሁለተኛው በአዋሽ ነው። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የተሠራው፣ ቡፌ ዳዋሽ በሚል ስም የታወቀው ማደሪያ የተወለደው ከዚህ የጊዜ ሠሌዳ ነው። በረንዳውና ቡጋንቪላው የብዙ መንገደኞችን ልብ ማርኳል። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ ሊያስተውለው የሚገባው በረንዳው ከሠሌዳው በኋላ መምጣቱን ነው። ባቡሩ በዚያ ባያድር ኖሮ ቡጋንቪላውን የሚተክል አይኖርም ነበር። አቃቂና አዋሽ ደግሞ በሐዲድ ብቻ የተሳሰሩ አይደሉም፤ የትልቁና የትንሹ አቃቂ ውሃ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝቶ የሚወርደው ወደ አዋሽ ወንዝ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የቴክኒክ እድገት ማረፊያዎችን አንድ በአንድ አሰናበታቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባችው ሊቶሪና ጉዞውን አሳጠረችው። በ1950ዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ሥራውን ሲረከቡ የውሃ ማጠራቀሚያው ያለ ሥራ ቀረ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው ሐዲድ አገልግሎትም ሃያ አንደኛው መቶ ዓመት በገባ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ተቋረጠ። በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር አዲስ አበባ ላይ የሚነሣው ከለቡ ነው። ውሃ አይጠማውም፤ በመንገድ ላይ የሚያድርበትም ምክንያት የለውም።

በመኪና መንገድ በኩል የሆነውም ከዚህ አይለይም። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድ በ2014 ሲከፈት፣ መነሻው በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሆነ። ጎንና ጎኑ የታጠረ፣ ባለ ስድስት መሥመር፣ ክፍያ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። እግረኛን ከፈጣን መኪና በመለየቱ፣ የጭነትን ጊዜ በማሳጠሩም የሠራው በጎ ሥራ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ገላንን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በሩቁ እያያቸው ያልፋል። በአሮጌው መንገድ ዳር በወቅቱ እሸት ሽምብራ ይዛ የምትቆም ሴት፣ ሻይ አፍልታ ሾፌሮችን የምታስተናግድ እናት፣ አልጋ የሚያከራይ ሽማግሌ ከአጥሩ ወዲያ ቀርተዋል። ለነዚህ ሰዎች መንገዱ የአገር ኩራት ብቻ አይደለም፤ ፊቱን ያዞረ ገበያ ጭምር ነው።

ጉዳቱ የእነርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ "የእድገት ዋጋ ነው" ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። ዳሩ ግን መንገደኛውም ተጎጂ ነው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ቢያልቅበት ይቆማል። ሾፌር ግን ጉልበቱ ቢያልቅበት አይቆምም፤ እንቅልፍ እየታገለው ይነዳል። የበቅሎ ነጋዴ ለከብቱ ያሰበውን ያህል የዛሬ መንገድ ለሰው ያላሰበ እንደሆነ፣ የተቆጠበው ሰዓት በሕይወት ይከፈላል። ስለዚህ ማረፊያ የቅንጦት ነገር ሳይሆን፣ እንደ ድልድይና እንደ ፍሳሽ ቦይ የመንገዱ አካል ነው።

ከዚህ በመነሣት የሙያው ድርሻ ምን እንደሆነ መናገር ይቻላል። አንደኛ፣ የመውጫ መንገድ የሚቀየሰው ለመኪናው መታጠፍ በሚመች ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ መንገደኛን ተቀብላ ልታስተናግድ የምትችል መንደር በምትገኝበትም ስፍራ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በመውጫው ላይ የሚተከለው ምልክት የከተማውን ስም ብቻ ሳይሆን ውሃ፣ ምግብና አልጋ መኖሩንም ይንገር። ሦስተኛ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ከመንገዱ ጋር አብረው ይነደፉ፤ ንግዱ ግን ለመንደሩ ሰው ይተው። አራተኛ፣ አሮጌዎቹ የባቡር ጣቢያዎች ሥራ የፈታ ድንጋይ ተብለው ከመፍረሳቸው በፊት ለማረፊያነት ያገለግሉ እንደሆነ ይጠና። የአቃቂ ጣቢያ ታሪክ የሚያስተምረው፣ አንድ ሕንፃ የተሠራበት ምክንያት ሲያልፍ ሌላ ምክንያት ካልተሰጠው እንደማይቆም ነው።

በመጀመሪያ የተነሣው መንገደኛስ ምን ያድርግ? ለጊዜው መልሱ ቀላል ነው። በቱሉ ዲምቱ ወደ ክፍያው በር ከመግባት ይልቅ የአቃቂን አሮጌ መንገድ ይያዝ። አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል፤ ነገር ግን የሚሻትን መንደር የሚያገኛት በዚያ ነው። ሻይ ሲጠጣም ያቺን መንደር ያቆማት ትናንት የባቡር ጥማት እንደነበረ፣ ዛሬ ደግሞ የእርሱ መቆም እንደሆነ ያስብ።

"ቤት ለእንግዳ" የሚለው ቃል ዛሬም ከአገሩ አልጠፋም። እንግዳው ከበሩ እንዲደርስ የሚያበቃውን መንገድ መቀየስ ግን የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።