ጨውና በረኪና በስማቸው ይለዩ



ዛሬ የምንነግራችሁ በየቤታችሁ ስላሉ ሁለት ነገሮች ነው፤ አንዱ የወጥ ጨው፣ ሁለተኛው ልብስ የምታነጡበት በረኪና።

የጨው የኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ «ኤን ኤ፣ ሲ ኤል» ይሆናል፤ ከሶዲየምና ከክሎሪን የተሠራ ነው ማለት ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የምትበጠብጡት የኦ አር ኤስ ዱቄት ውስጥም 2.6 ግራም ይኸው ጨው አለ፤ ስለዚህ ሌላ ጨው አትጨምሩበት።

በረኪና ውስጥ ያለው ደግሞ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል፤ ምልክቱም «ኤን ኤ፣ ኦ፣ ሲ ኤል» ነው። የተጨመረችው «ኦ» ኦክሲጅን ናት። እነሆ፣ በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ ምግብ፣ ሌላው መርዝ ሆነ!

እንግዲህ በረኪናን ከነጽሑፉ በገዛችሁበት ዕቃ አኑሩት እንጂ ወደ ውሃ ጠርሙስ አትገልብጡት። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ የተጠማ ልጅ ያገኘውን ጠርሙስ ያነሣል እንጂ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሙቀትም የበረኪናን ኃይል ያደክመዋልና ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ በጥላ አስቀምጡት። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋልና ተጠንቀቁ።

ልጅ ቢጠጣው አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስሙን ያነበበ ባለሙያ የሚያደርገውን ፈጥኖ ያውቃል።

ማንበብ ባትችሉ ተማሪ ልጃችሁ ያንብብላችሁ። ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ከቤታችሁ አይገኝ።