ሞክሼዎቹ፦ የትኛው ተክለ ሃይማኖት? የትኛው አባ ጅፋር?

(በጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ውስጥ በአንድ የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ቡና ንግድ ታሪክ በጻፍኩት ጽሑፍ ላይ «አፄ ተክለ ሃይማኖት ከፋን ለመያዝ ከምኒልክ ጋር እምባቦ ላይ ተዋጉ» ብዬ አረፍኩት። ጽሑፉ ወጣ። እዚሁ ጅማ ቡና የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና «ልጄ፣ አፄ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉት እኮ ምኒልክ ሳይወለዱ በፊት አፈር ለብሰዋል። ከመቃብር ወጥተው ነው የተዋጉት?» አሉኝ። አፈርኩ። እምባቦ ላይ የተዋጉት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የጣለኝ ሞክሼ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ስለ ሞክሼ ነው። «ሞክሼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ይኖራል። አለው። በዚህች አገር ስም ጋሻ ሆኖ ያውቃል፤ ስም ዕዳም ሆኖ ያውቃል።

ከሥሩ እንነሳ። የስሙ ባለቤት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ትርጉሙ የሃይማኖት ተክል ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ሸዋ ውስጥ ተወልደው፣ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም የመሠረቱ መነኩሴ ናቸው። ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተቆረጠ ገድላቸው ይናገራል፤ ሥዕላቸውም በክንፍ ያሳያቸዋል። በየወሩ በ24 ስማቸው ይጠራል። እንዲህ ያለ ስም የማይመኘው ማን አለ? ገበሬው ለልጁ ያወጣዋል። ቤተ መንግሥትም ወደደው። ጣጣው የመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ጎንደር ላይ ታላቁ አፄ ኢያሱ ወደ ጣና ደሴት ገለል ባሉ ጊዜ መኳንንቱ ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ይህ በ1698 ዓ.ም. ነው። አባትየው ብዙም አልቆዩ፤ በልጃቸው ደጋፊዎች እጅ ተገደሉ። ታሪክ ልጁን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» አለው። እስኪ አስቡት! የሃይማኖት ተክል ተብሎ ተጠርቶ፣ ርጉም ተብሎ መቀበር። እሱም ቢሆን ሁለት ዓመት ነግሦ በ1700 ዓ.ም. በሰው እጅ ሞተ። ዙፋኑን የያዙት የአፄ ኢያሱ ወንድም አፄ ቴዎፍሎስ ነበሩ፤ የወንድማቸውንም ገዳዮች አሳደው ቀጡ። ይህችን ስም፣ ቴዎፍሎስ የምትለዋን፣ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው አፄ ተክለ ሃይማኖት በ1762 ዓ.ም. የነገሡት ገና በልጅነታቸው ነው። ያነገሧቸው የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ዘውዱ የልጁ፣ ትእዛዙ የራስ ሚካኤል! በ1769 ዓ.ም. ዙፋኑን ትተው መነኑ። ስማቸውን የመሰለ ሥራ የሠሩት ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

አሁን ወደ እናንተ አገር እየተጠጋን ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል ተሰማ ነበሩ። በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» ብለው ሲያነግሡአቸው ስማቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆነ። ልብ በሉ፣ ከፋ ያኔ የራሷ ንጉሥ ነበራት። ያልተያዘ አገር በማዕረግ ተሰጠ፤ ከላዩ ላይ የጻድቅ ስም ተደረበበት። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸው እዚሁ ላይ ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ የሚወጣው ከዚህ ነዋ! በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ ንጉሦች ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። እናንተ «ጊንጆ ጉዱሩ» ትላላችሁ፤ ያኛው ጉዱሩ ወለጋ ነው፤ የቦታም ሞክሼ አለ ማለት ነው። ራስ ጎበና የመሩት የምኒልክ ፈረሰኛ አሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ለፍትሕ ያህል ደግሞ ይህንንም ልጨምር፦ እኚሁ ሰው በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ደምቢያ ላይ ተዋግተዋል፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተሰልፈዋል። በ1893 ዓ.ም. አረፉ።

እምባቦን ከዚህ ሆነው የተመለከቱ አንድ ወጣት ንጉሥ ነበሩ፤ አባ ጅፋር። የትኛው አባ ጅፋር? ያው ሞክሼ መጣ። የጅማን መንግሥት በ1822 ዓ.ም. ገደማ ያቆሙት የመጀመሪያው አባ ጅፋር የራሳቸው ስም ሳና ነው። እኛ ስንጠራቸው የምንውለው፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው፣ ሁለተኛው ናቸው፤ ስማቸው ቱሉ ነበር። በመካከል አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል ነግሠዋል። አውሮፕላን ማረፊያው «አባ ጅፋር»፣ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው ክለብ «ጅማ አባ ጅፋር»። ወጣቱን «ስንት አባ ጅፋር ነበሩ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙው «አንድ» ይላችኋል። ቤቱን የሠሩት ሳና ተረሱ፤ ቤቱን ከእሳት ያተረፉት ቱሉ ስሙን ጠቅልለው ወሰዱ።

ማትረፋቸው ግን አይካድም። እምባቦ ላይ ማን እንደበረታ ካዩ በኋላ ለምኒልክ ሳይዋጉ ገበሩ፤ ጅማም በራሷ ባላባት እስከ 1924 ዓ.ም. ቆየች። ከፋ ግን በ1889 ዓ.ም. ጦር ዘመተባትና የደረሰባትን ታውቁታላችሁ።

አንዲት ቃል ደግሞ አለች፤ «አባ»። በጅማ «አባ» የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደሚባሉት። በቤተ ክርስቲያን «አባ» መነኩሴ ነው። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ መስጊድ የሚሰግዱትን አባ ጅፋርን መነኩሴ ነበሩ ብሎ ቢጽፍ አልፈርድበትም። እኔም ተሳስቻለሁና።

ወደ መነኩሴው «አባ» ልምጣ። በ1968 ዓ.ም. የካቲት ወር ደርግ ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ። በዚያው ዓመት በወላይታ ሲያገለግሉ የኖሩት አባ መላኩ ተመረጡ። ስማቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባለ። እንግዲህ ያቺን ስም አምጧት፦ በ1700 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ሞቶ ቴዎፍሎስ ነገሡ፤ በ1968 ዓ.ም. ቴዎፍሎስ ወርደው ተክለ ሃይማኖት ተሾሙ። ያኔ ቤተ መንግሥት ነው፣ አሁን ቤተ ክህነት። ስሞቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ የሚሾመውና የሚሽረው ግን ያው ጉልበት ነው።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትስ? ፓትርያርክ ሆነውም በባዶ እግራቸው የሄዱ፣ በጾም የከሱ ባሕታዊ ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. አረፉ። አንዳንዱ «የደርግ ፓትርያርክ» ብሎ ይዘጋቸዋል፤ አንዳንዱ «ጻድቅ» ብሎ ያልፋል። እኔ ሁለቱም ይቸኩላሉ እላለሁ። የአንድ ሰው ቅድስና በሕይወት ያለ ፓትርያርክ የተነሳበትን መንበር ሕጋዊ አያደርገውም። የሹመቱ ነውርም የመነኩሴውን ባዶ እግር ውሸት አያደርገውም። ሰውየው ለብቻ፣ የሾመው ለብቻ ይመዘን።

ወገኖቼ፣ የምለው ይኸው ነው። አንድ ስም ብቻ ይዘን ስንከራከር ጻድቁ ለአባት ገዳዩ ልጅ መሸፈኛ ይሆናል፤ ርጉሙ ደግሞ ለመነኩሴው ዕዳ ይሆናል። ዛሬም ሰው ስሙን ሲናገር ገና ብሔሩና ሃይማኖቱ ይገመታል፤ ከዚያ ያልሠራው ሥራ ይታሰብበታል። ሥልጣን ፈላጊውም ይህን ስለሚያውቅ ጥሩ ጥሩውን ስም ይመርጣል፤ ለራሱም፣ ለድርጅቱም፣ ለመንገዱም።

ስለዚህ ስም ሲጠራላችሁ ከማጨብጨባችሁም ከመርገማችሁም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማን ልጅ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ምን ሠራ? እነዚያ ሽማግሌ እኔን የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። አንድ ስኒ ቡና ሳይጨርሱ ከስህተቴ መለሱኝ።