ፈታይዋና ሸማኔው

ከተጂ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትከታተሉን አድማጮቼ፣ በዚህ ብርድ ብዙዎቻችሁ ጋቢ ደርባችሁ እንደተቀመጣችሁ እገምታለሁ። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ ስለደረባችሁት ጋቢ ነው። ማን ሠራው?

«ሸማኔ ነዋ!» ብላችሁ መልሳችሁልኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ከሥራው የሚበዛውን የሠራችው ሌላ ሰው ናት። ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት በዚህ አገር የነበረውን የልብስ ታሪክ ስናወራ ሸማኔውን እንጠራና ፈታይዋን እንረሳለን። ስለዚህ ዛሬ ከእሷ እንጀምር።

ጥጥ የቆላ ተክል ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አይበቅልም። ከተከዜና ከመተማ ቆላ፣ ከሸዋ ምሥራቃዊ ቆላ፣ በደቡብ ደግሞ ከአባያ ሐይቅ ዙሪያ በአህያ ተጭኖ ደጋ ገበያ ይወጣል። እናት ፍሬው ያልወጣለትን ጥጥ ገዝታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታደርገውና ብረት መዳመጫዋን በላዩ እያንከባለለች ትዳምጠዋለች፤ ፍሬው በአንድ በኩል እየፈለቀ ይወጣል። ቀጥሎ ደጋኗን ታነሳለች። የደጋኑ ጅማት ሲመታ ይንዘረዘራል፣ ጥጡም እየተበተነ ይነደፋል። ንጹሕ ሆኖ ሲነፋ ባዘቶ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው ዕድሜ የሚፈጀው። ባዘቶውን በግራ እጇ ትይዛለች፣ እንዝርቷን በቀኟ ታሾራለች፤ እንዝርቱ በዞረ ቁጥር ክሩ እየተጠመዘዘ፣ እየቀጠነ ይወርዳል። ስትጨዋወት ትፈትላለች። ድስት ጥዳ እስኪበስል ትፈትላለች። ከብት ጠባቂ ልጇን እየጠበቀች ደጃፏ ላይ ትፈትላለች። ልቃቂት በልቃቂት ላይ እየተጠራቀመ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስኪሞላ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሥራ ከበዛባት ወራትም ይወስድባታል። ፈትሉም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ለድር የሚሆነው ጠበቅ ብሎ መጠምዘዝ አለበት፣ አለዚያ ሸማኔው ሲወጥረው ይበጠሳል። ለማግ የሚሆነው ላላ ይላል፤ ልብሱን የሚያለሰልሰውና የሚያሞቀው እሱ ነው። ይህንን ልዩነት የምታውቀው በጣቶቿ ነው፤ ማንም በወረቀት ጽፎ አልሰጣትም።

ፈትሉ ሲሞላ ወደ ሸማኔ ቤት ይሄዳል። በድሮው ሥርዓት ደንበኛዋ ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ልብስ አትገዛም ነበር፤ የራሷን ፈትል ይዛ ሄዳ፣ ስፋቱንና የጥለቱን ዓይነት ተናግራ፣ ለሸማኔው የጉልበቱን ብቻ ትከፍለው ነበር። ሸማኔው ፈትሉን ይደውራል፣ ድሩን ያደራል። የሽመና ዕቃው ከተተከለበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በእግሩ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ሁለት ላይ ተከፍሎ አፉን ይከፍታል፤ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ልኮ በሌላው ይቀበላል። የሸማው ስፋት በሸማኔው ክንድ የተወሰነ ነው፤ እጁ ከሚደርስበት በላይ ሊሰፋ አይችልም። ጋቢያችሁን ዘርግታችሁ ብታዩት መሐሉ ላይ የተገጠመበት ስፌት ይታያችኋል። ያ ስፌት የአንድ ሰው ክንድ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሌላ አገር ላሻግራችሁ። እንግሊዝ ውስጥም ከፋብሪካው ዘመን በፊት ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል የብዙ ፈታይ ሴቶች እጅ ያስፈልገው ነበር። በ1733 በፈረንጆች አቆጣጠር ጆን ኬይ የተባለ ሰው በገመድ ተስቦ ወዲያና ወዲህ የሚበርር መወርወሪያ ሠራ። ሸማኔው ፈጠነ፤ ፈትል ግን አልደርስ አለ። ያ የክር ረሃብ ነው በ1760ዎቹ የጄምስ ሃርግሪቭስን የመፍተያ መኪና ያመጣው፤ ከዚያ ፋብሪካው ተከተለ። ዓለምን የለወጠው የኢንዱስትሪ አብዮት አንዱ መነሻው የሸማኔውና የፈታይዋ ፍጥነት አለመመጣጠን ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር ሁለቱ እኩል እየተራመዱ ብዙ መቶ ዓመት አብረው ሄዱ።

ምን ያህል ዘመን? የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ኖባ በተባለ ሕዝብ ላይ ዘምቶ ካወደማቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ጎተራ ይገኝበታል። በ1520ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ከጎጃም ለንጉሡ ሲገባ ያየውን ግብር ሲዘረዝር ከፈረሱ፣ ከበቅሎውና ከወርቁ ጋር ብዛት ያለው የጥጥ ልብስ ያነሳል። ልብስ ግብር ነበር፤ ገንዘብም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 በፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ሲደርስ ያገኘው ከተማ በሽመና የሚኖር ነበር፤ እዚያ የሚሠራው ወፍራም ሸማ በብር ፈንታ በአገሩ ሁሉ ይዘዋወር እንደነበር ጽፏል። እስቲ አስቡት፣ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የፈተለችው ክር የመንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባ ገንዘብ ሲሆን!

ስለ ጥለቱም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነው። የድሮ ሸማኔዎች ለኩታው ጠርዝ የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር እንደልብ አያገኙም ነበር። ስለዚህ ከሕንድና ከሌላ አገር በምጽዋ በኩል የገባውን ቀለም ያለው ጨርቅ ይገዙና ክሩን አንድ በአንድ ይፈቱታል። የተፈታውን ክር እንደገና ከአገር ፈትል ጋር አድርገው ጥለት ይሠሩበታል። ባሕር አቋርጦ የመጣ ጨርቅ ፈርሶ፣ የሐበሻ ሸማ ጌጥ ሆኖ ይወጣል። መኳንንቱ የሚለብሱት ጃኖ ላይ የሚታየው ያ ሰፊ ቀይ መስመር ስንት ትዕግሥት እንደጠየቀ ገምቱ።

ለሁሉም ግን ጥጥ አልደረሰም። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባናና ዝተት ሠርቶ ብርዱን ተከላከለ፤ ድሃው ቆዳ ለበሰ፤ የቆሎ ተማሪም ደበሎውን።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል እንምጣ። መፍተል በዚህ አገር የተከበረ ሥራ ነበር። ከገበሬዋ እስከ ወይዘሮዋ ሁሉም ትፈትላለች፤ ፈትሏ ቀጭን የሆነች ሴት ባለሙያ ተብላ ትመሰገናለች። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሰው ግን ይሰደባል። «ቁጢት በጣሽ» ይባላል። ልጃቸውን አይድሩለትም። ይህን ንቀት ያመጣው ሥራው አልነበረም። በጎንደርና በአድዋ ሽመናው በብዛት የሙስሊሞች ሙያ ነበር፤ በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤላውያንም ይሠሩት ነበር። ሁለቱም ርስት ላይ እንደልባቸው መቆም የማይችሉ ነበሩ። መሬት የተከለከለ ሰው በእጁ ይኖራል፤ መሬት ያለው ደግሞ በእጁ የሚኖረውን ይንቃል። የንቀቱ ሥር ይኸው ነው። ሌላ ማመካኛ ሁሉ ኋላ የተጨመረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል አሉ። አዋጁ ታላቅ ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም።

አዋጁ በወጣበት ዘመን ሌላ ነገር በራፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው መሪካኒና አቡጀዲድ የተባለ የፋብሪካ ጨርቅ ቀድሞ በቀይ ባሕር ወደቦች ገብቷል። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. በኋላ፣ በተለይም በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ፣ የጨርቁ ጭነት በረከተ። በ1920ዎቹ ደግሞ የጃፓን ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ያዘው። ከአቡጀዲዱ ጋር የፋብሪካ ክርም መጣ። ይህ ክር ለሸማኔው እፎይታ ነበር፤ አይበጠስም፣ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ለፈታይዋ ግን ግማሽ ሥራዋን ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆነ። ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አገር ውስጥ የሚፈተለው የፋብሪካ ክር በዛ። ለሰበታ ሰው የዚህ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ እዚያው ዓለም ገና ላይ ነው፤ የቱርኮቹ አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው በእናንተው ሰፈር ነው።

ሽመናው ግን አልሞተም። ያቆየው ደግሞ የጋሞ ሰው ነው። ጨንቻና ዶርዜ፣ ጉጌ ተራራ ላይ፣ ወንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ መወርወሪያ የሚይዝበት አገር ነው። ዱንጉዛን የመሰለ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተዋሐደበት ልብስ የእነሱ ነው። የጋሞ ደጋ በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ በኋላ ሸማኔዎቹ ወደ አዲሷ ከተማ መጡ። እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ፣ ጉለሌ ሰፈሩ። ከተማው እየሰፋ የቤት ኪራይ ሲወደድ ከእነሱ ብዙዎቹ ወደ ዳር ወጡ፤ ወደ አሸዋ ሜዳ፣ ወደ ከታ፣ ወደ ቡራዩ። ይህ ጉዳይ የሩቅ ታሪክ ያልሆነው ለዚህ ነው። ቡራዩ ያላችሁ አድማጮቼ፣ ምናልባት ጎረቤታችሁ ነበሩ።

በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው በእነዚህ ሰዎች ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች ተገደሉ፣ ቤት ተዘረፈ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ፣ ሽመና የሚሠሩበት ዕቃ ሳይቀር ጥለው የሸሹ ነበሩ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ተቆጥተው ለበቀል ሲነሱ የጋሞ ሽማግሌዎች ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ትናንት «ቁጢት በጣሽ» የተባለው ሕዝብ ሽማግሌዎቹን ልኮ አገር ከእሳት አዳነ። ይህን ያደረገውን ሕዝብ ስናስብ ማፈር ያለብን እኛ ነን።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። በፋብሪካ ታትሞ ከውጭ የሚገባ፣ ጥለቱን የሚመስል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ ሳይቀር ተደርድሯል። ከሩቅ ሲያዩት ያታልላል። ሸማኔው ሳምንት የደከመበትን በአንድ ቀን ዋጋ ያረክስበታል። ዋጋው በወደቀ ቁጥር ደግሞ ጫናው ወደ ልጆች ይወርዳል፤ ከጋሞ ደጋ መጥተው ትምህርታቸውን ጥለው ጉድጓድ ዳር የሚውሉ ሕፃናት እንዳሉ ከተማው ያውቃል። ስለ ባህል ልብስ ውበት የምናወራ ሁሉ ስለእነዚህ ልጆች ማውራት አለብን። የእነሱ ድካም ያለበት ጥለት ቢያምርም አይኮራበትም።

ስለዚህ ለፋሲካም ሆነ ለጥምቀት፣ ለኢሬቻም ሆነ ለልጃችሁ ሠርግ ልብስ ልትገዙ ስትወጡ ይህን እለምናችኋለሁ። ጨርቁን በጣታችሁ ዳስሱት፤ የእጅ ፈትል ወጣ ገባ ነው፣ የታተመው ልሙጥ ነው። ማን እንደሠራውና ማጉን ማን እንደፈተለው ጠይቁ። ተጂም ሆነ ሱሉልታ እንዝርት የምታውቅ አሮጊት በቤታችሁ ካለች ልጆቻችሁን አጠገቧ አስቀምጡ፤ ሙያዋ ከመጽሐፍ አይለመድም፣ የምታስተምረው በእጇ ነው። ሸማኔው ዋጋ ሲጠራላችሁም ለመቁረጥ ከመቸኮላችሁ በፊት ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠይቁትና እንደ ቀኑ ክፈሉት።